ዝንቧን ማን ይንካት

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እሺ፣ እሱስ ይሁን፤ ዋናው ሥራህ ምንድን ነው?» ይለኛል። ዋናው እሱው ነው። በኮምፒውተር የሚሰጡ ኮርሶች አሉ አይደል? ሠራተኛው ወንበር ላይ ተደላድሎ ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መሰላል አወጣጥ በሥዕል የሚማርባቸው። ሥዕሉ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ላይ ማውሱን ሲያሳርፍ አንዲት ትንሽ ቢጫ ሳጥን ብቅ ትልና «ይህ ባልዲ ነው፤ ውሃ ይያዝበታል» ትለዋለች። ማውሱን ሲያነሳ እሷም እንግዳ እንዳየች ድመት ድራሿ ይጠፋል። ያቺን ሳጥን የተማሩት ቱልቲፕ ይሏታል፤ እኔ ብቅ ባይ እላታለሁ። ባልዲው ባልዲ መሆኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤትን የተውኩት እሱ ሊተወኝ ሲያስብ ቀድሜው ነው። ብቅ ባይ ግን ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ ሥራ ነው። አጭር እንዲሆን ይፈለጋል፤ የእኔም ዕውቀት አጭር ነው። አንድ ሰው ስለ ባልዲ ብዙ ካወቀ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ትንሽ ካወቀ ግን እኛ ቢሮ ይቀጠራል።

አለቃችንን ከጀርባቸው ወይዘሮ ይታረም እንላቸዋለን። ሰላም ብትላቸው «ይታረም፤ እንደምን አደሩ ነው የሚባለው» ይላሉ። ለቅጥር የቀረብኩ ቀን ከጠረጴዛቸው ላይ ስቴፕለር አንስተው «በአጭሩ አስረዳኝ» አሉኝ። «ይህ ስቴፕለር ነው። ወረቀቶችን ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ያጋባል» አልኳቸው። «ሁለተኛው መስመር ይታረም» አሉና ቀጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ ሁለተኛ መስመር አለው፤ እሳቸውም ሁለተኛውን መስመር ቀይ እስክሪብቶ እስኪያልቅ ሲያርሙ ይውላሉ። ሲደክማቸው ማንበቡን ይተዉና በሥዕሉ ላይ ብቅ ባይ ያልተደረገለት ዕቃ አለመኖሩን ብቻ ያያሉ። የሚደክማቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። እኔም ጽሑፌን የማስገባው ከምሳ በኋላ ነው።

ቢሮአችን ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው። ታች ጎማ ሲፈነዳ ላይ ድምፅ የምትቀዳው ልጅ «እጅዎን በሳሙና» ብላ ስትጀምር «ጧ!» ይጨመርበታል። አንድ ኮርስ ላይ ሳንሰማው አልፎ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ያሉ አስተናጋጆች እጃቸውን ሲታጠቡ «ጧ!» ይሉ ነበር ይባላል። ይባላል ያልኩት ያስወራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰፈር ውስጥ ቀዳጁ ነው የምባለው። ዝናብ መሃል ባስነጥስ ዝናቡ ደንግጦ ወደ ላይ ተመለሰ ብዬ ባወራሁ ጊዜ ጃንጥላ ሻጩ ገበያዬን ዘጋህብኝ ብሎ ሊከሰኝ ነበር።

የቢሮዬ ማውስ ከሞተ ቆይቷል። ይለወጥልኝ ብዬ ስጠይቅ ወይዘሮ ይታረም «ጣት የለህም?» አሉኝ። ስለዚህ ከኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ያለችውን ታብ የምትባል ቁልፍ እየጫንኩ፣ ሥዕሉ ውስጥ ካለው አንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እንደ ፌንጣ እየዘለልኩ መሥራት ለመድኩ። ታብን አንዴ ስትጫናት የምትደርስበትን ዕቃ በሰማያዊ መስመር ትከብበውና ብቅ ባዩን ታወጣዋለች። ማውስ አያስፈልግም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ለዳቦ ፋብሪካው የንጽሕና ኮርስ ስንሠራ ነው ጣጣው የመጣው። ሰዓሊያችን ብሩሽ ይባላል፤ ፎቶ ካላየ አንዲት መስመር አይስብም። ፋብሪካው ድረስ ሄዶ የሊጥ ክፍሉን ፎቶ አነሳና በላዩ ላይ ገልብጦ ሣለው። ማቡኪያ ማሽኑ አለ፣ ወንፊቱ አለ፣ ሚዛኑ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ትልቁ ምድጃ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር አለ። የሊጡ ገንዳ አፍ ላይ ደግሞ አንዲት ዝንብ ቁጭ ብላለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አልኩት።

«ፎቶው ላይ ነበረች።»

«እና?»

«እናማ እኔ ሰዓሊ ነኝ እንጂ ፍሊት አይደለሁም።»

ወደ ወይዘሮ ይታረም ገባሁ። «ብቅ ባይ የሚደረገው ለየትኞቹ ነው?» አልኳቸው።

«ሥዕሉ ላይ ላለው ሁሉ! ራቁቱን የቀረ ነገር ያየሁ ቀን ጉድ ይፈላል።»

«ለትንንሹም?»

«ሰውዬ፣ ሁሉም አልኩህ እኮ! ሁሉም ማለት ምን ማለት ነው?»

ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። ታዛዥ ሠራተኛ ነኝና ለስንጥቁ ጻፍኩለት፤ ለዝንቧም ጻፍኩላት። የዝንቧ ግን ትንሽ የቤተሰብ ጉዳይ ገባበት። የፋብሪካው የምድጃ ሹም የታላቅ እህቴ የእትዬ ባል ነው፤ ጋሼ። ጋሼ ምድጃው ፊት ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ እንደሚያሸልብ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ራሱ ጋሼ ብቻ ነው። «ዓይኔን ጨፍኜ ዳቦውን በአፍንጫዬ እያዳመጥኩ ነው» ይላል። እና ስለ ዝንቧ ስጽፍ እጄ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ሄደ። ስም አልጠራሁም። ምን እንደጻፍኩ ሲደርስ ታነቡታላችሁ። ያስገባሁት ከምሳ በኋላ ነው፤ ወይዘሮ ይታረም ራቁቱን የቀረ ነገር እንደሌለ አይተው «ይለፍ» አሉ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አንድ ነገር አዘው ነበር። ባለፈው ኮርስ ሠራተኛው ምንም ሳያይ እየዘለለ መጨረሻው ላይ ስለደረሰ፣ በዚህኛው ሁሉንም ብቅ ባይ ያልከፈተ ሰው የፈተናው ቁልፍ አይበራለትም። አንዲት ብትቀር ቁልፉ እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ ይታረም ከደስታ ብዛት ያለ እርማት አጨበጨቡ።

ሠራተኛው ግን ከሥራ አስኪያጁ በላይ ብልጥ ነው። ማውሱን ይዞ ስክሪኑን እንደ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ይወለውለዋል። ብቅ ባዮቹ ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንድም ሳይነበብ ቁልፉ ይበራል። የጋሼ ረዳት፣ ቶሎ የሚሉት፣ አንድ ሳል በሚሳልበት ጊዜ ውስጥ ጨርሶ ፈተናውን አለፈ። እኔ የደከምኩበት ጽሑፍ እንደ አቧራ ተወለወለ። ደራሲ መሆን እንዲህ ነው።

እኔ የምኖረው እትዬ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው። ለጊዜው ብዬ የገባሁ ነኝ፤ ጊዜው ራሱ ሶፋው ላይ አርጅቷል። አንድ ምሽት ጋሼ ገብቶ ራት ቀረበ። ጋሼ ሌላ ቤት የተጋገረ ዳቦ ሲቀርብለት በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «ይሄን የጋገረው ሰው ከምን ተጣልቶ ነው?» ሳይል በልቶ አያውቅም። ያን ምሽት ቆርሶ ዝም ብሎ አኘከ።

እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዳቦውን ሳትሰድበው በላህ። ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«አሞሃል? ተናገር እንጂ! ይሄው ጎረቤት እንኳ ስድቡን ሲጠብቅ ጸጥ አለ።»

«አልበራ አለኝ» አለ ጋሼ።

«ምኑ?»

«የፈተናው ቁልፍ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነክቼ አንብቤያለሁ። ዝንቧ ቀርታለች።»

«ንካታ!»

«አንቺ ሴት፣ ዝንብ ነክቼ ሊጥ ልነካ?»

«የኮምፒውተር ዝንብ እኮ ናት!»

«እጁም የኮምፒውተር እጅ ነው። ሁለቱ አንድ አገር ናቸው።»

እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ጋሼ ግን ቀልድ አልነበረውም። ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ሰርተፍኬት ሊያድሉ ነው፤ ያን ቀን ሰርተፍኬት ያልያዘ ሰው ምድጃ ፊት አይቆምም። ቦታው ለቶሎ ይሰጥና ጋሼ ወደ ዱቄት መጋዘን ወርዶ ከረጢት ሲጠብቅ ይውላል። ቶሎ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም። ከወራት በፊት በእጁ ዝንብ መትቶ ሳይታጠብ ሊጥ ሲነካ ጋሼ አይቶት፣ በሠራተኛው ፊት «ዝንብ የነካ እጅ ሊጥ አይነካም!» ብሎ ወደ ቤቱ ያባረረው ሰው ነው። ጋሼ ያችን ቃል በትልልቅ ፊደል አስጽፎ የሊጥ ክፍሉ በር ላይ ሰቅሏታል። አሁን እሱው ዝንብ ነካ ቢባል፣ ቶሎ ያችን ቃል እየዘፈነ ነው ምድጃውን የሚረከበው።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ! ይሄን ነገር የምትሠራው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔማ ጽሑፉን ብቻ...»

«ጽሑፍህን አላውቅም። ባሌ ከምድጃው ከተነሳ አንተም ከሶፋዬ ትነሳለህ። አበቃ!»

በማግስቱ ፋብሪካው ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ግድግዳው መስታወት ነው፤ በኮሪደሩ ያለፈ ሁሉ ያያል። ጋሼ ነጭ ቆቡን አጥልቆ፣ ማውሷን ልክ እንደ እንቁላል ይዞ ተቀምጧል። ዝንቧ በሊጡ ገንዳ ላይ ሆና ታየዋለች። እሱም ያያታል።

«ጋሼ፣ ቀላል ነው» አልኩት። «ይሄ ስክሪኑ ላይ የሚሄደው እጅ አይደለም፤ ቀስት ነው። ተመልከት፣ ሹል ነው። ዝንብን በሹል ነገር መውጋት ምን ነውር አለው?»

አሰበ። «በዱላ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው።»

«በዱላ ነው።»

ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ ተነሳች። በማቡኪያው ላይ አለፈች፣ ሚዛኑን ዞረች፣ ጋሼ ትንፋሹን ይዟል፣ እኔም ይዣለሁ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ደረሰች። ልክ ዝንቧን ልትነካ የፀጉር ያህል ሲቀራት ቀስቷ ጣቷን የቀሰረች እጅ ሆነች። ጋሼ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

«አየሃት? አየሃት ተንኮሏን!»

ረስቼው ነው። ብቅ ባይ ያለበት ነገር ላይ ስትደርስ ቀስቷ እጅ ትሆናለች፤ የፕሮግራሙ ጠባይ ነው። ጋሼ ደጋግሞ ሞከረ፤ በላይ በኩል መጣ፣ በታች በኩል አድፍጦ መጣ፣ አንዴም ሌላ ቦታ የሚሄድ መስሎ ድንገት ታጠፈባት። በየትም ቢመጣ መጨረሻው እጅ ነው።

«ሲነሳ ዱላ፣ ሲደርስ እጅ! ይሄን የሠራ ሰው እናት አላሳደገችውም።»

«ተው እንጂ ጋሼ፤ እናትየዋ ምን አደረገች?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«ምንም። ስለ እናቶች ብዬ ነው።»

መስታወቱ ተንኳኳ። ቶሎ ነው፤ በወዲያ በኩል ቆሞ ሁለት ክንዶቹን እንደ ክንፍ እያርገበገበ «ዝዝዝ» ይላል። ጋሼ ማውሷን ሊወረውርበት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ይሁን ጋሼ፤ ንካትና ታጠብ። መታጠቢያው ያው እዚያው ሥዕሉ ላይ አለልህ።»

ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ መታጠቢያውን ዙሪያውን መረመረ። «ሳሙናው የታለ?»

ሳሙና የለም። ብሩሽ ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አይሥልም።

«እንግዲያው ተነስ፣ እኔ ልንካልህ።»

«እዚያ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። በስሜ ዝንብ አይነካም!»

እውነት ለመናገር ግማሽ ጎኔ ደስ አለው። ጋሼ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ሲያነብ እንኳ ጎረቤት ይፈወሳል። ዝንቧ ላይ የጻፍኩትን ያነበበ ቀን ደግሞ የማነበው እኔ ነኝ፤ የራሴን የሐዘን ማስታወቂያ። ግን ካላነበበ ምድጃው ይሄዳል፣ ሶፋውም ተከትሎ ይሄዳል። በሁለት ቢላ የሚታረድ በግ ሆንኩ።

ቢሮ ተመልሼ ወይዘሮ ይታረም ፊት ቆምኩ። «እሜቴ፣ የዳቦ ፋብሪካው ኮርስ ላይ ያለችው ዝንብ ትነሳልን?»

«የምን ዝንብ?»

«ገንዳው ላይ ያለችው።»

«የንጽሕና ኮርስ ነው እኮ! በእኔ የንጽሕና ኮርስ ውስጥ ዝንብ የለም።»

«አለች። ይዩአት።»

«የሌለ ነገር ምን ብዬ ነው የማየው? እያንዳንዷን ቃል እኔ ራሴ ነኝ ያረምኩት። ደግሞ ፋብሪካው ፈርሞ ተረክቦታል፤ የተፈረመ አይነካም።»

«እነሱም እኮ ዝንቧ አትነካም ነው የሚሉት።»

«ውጣልኝ!»

ዓርብ ደረሰ። የፋብሪካው ሠራተኛ በነጭ ቆቡ መስታወት ክፍሉ በር ላይ ተሰብስቧል። ሥራ አስኪያጁ ሰርተፍኬቶቹን ታቅፈው መጡ፤ ወይዘሮ ይታረም ከእሳቸው ጎን ጥሎሽ እንደምታስረክብ የሙሽራ እናት ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔም የፕሮጀክተሩን ገመድ ተሸክሜ ከኋላቸው አለሁ። ሁሉም ተቀበለ። ቶሎ የእሱን ተቀብሎ እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ምድጃው ወዳለበት በር ጠጋ ብሎ ቆመ። ጋሼ ብቻ ቀረ፤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ።

«ምን እየጠበቅክ ነው?» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«ዝንቧን ነው ጌታዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩና ወደ ወይዘሮ ይታረም ዞሩ። «ዝንብ አለ እንዴ?»

ወይዘሮ ይታረም መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠራርገው መልሰው አደረጉ። ዝንቧ አልጠፋችም። እንዲህ ያለ ቅላት ያየሁት የምድጃው በር ሲከፈት ብቻ ነው። «አዎን» አሉ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ሆን ተብሎ የገባች ናት። የንቃት መፈተኛ። እያንዳንዷን ቃል እኔ ራሴ ነኝ ያረምኩት።»

«ግሩም!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እንግዲህ ንካትና እንገላገል፤ ምድጃው እየጠበቀ ነው።»

«ጌታዬ፣ በሩ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?» አለ ጋሼ። «እኔ አባርሬ፣ እኔ ልንካ?»

«ነክተህ ታጠባ!»

«ሳሙና የለም።»

«እንዴት ሳሙና የለም?»

«ሥዕሉ ላይ የለም። ሰዓሊው ፎቶ ያነሳ ቀን መታጠቢያው ላይ አልነበረም መሰለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳል ያዛቸው። ከወደ በሩ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሠራተኛው መሳሳቅ ጀመረ። «በቃ እንግዲህ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ሳላቸው ሲያበቃ፣ «ካልሆነ ምን ይደረጋል፤ ቶሎ፣ አንተ ምድጃውን ያዝ።» ጋሼ ቆቡን አወለቀ። እኔ ጋሼን ቆብ አውልቆ አይቼው አላውቅም፤ ሲተኛ እንኳ የምታወልቅለት እትዬ ናት። ራሱ ላይ የቆቡ መስመር ዙሪያውን ታትሟል። ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሶፋዬን አሰብኩ፣ ጋሼን አሰብኩ፣ ጡጫውንም አሰብኩ። የጋሼ ጡጫ አንድ ኩንታል ሊጥ አቡክቶ «ደሞ ሌላ አለ?» የሚል ጡጫ ነው። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ያለ እጅ ይቻላል!»

ሁሉም ዞረ። ገመዱን ጣልኩና ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ማውሷን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። «እዚች ቁልፍ ላይ ጫን። ታብ ትባላለች። ራሷ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ስክሪኑ ላይ እጅም የለም፣ ቀስትም የለም።»

«መሃላ?»

«ሶፋዬን!»

ጋሼ ቆቡን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ ያለው ቧንቧ ጋ ሄዶ የገዛ እጁን ታጥቦ መጣ፤ ይሄን ሰው ማን ይችለዋል? ጣቱን ቀስሮ ጫናት። ሰማያዊ መስመር ወንፊቱን ከበበው። ጫናት፤ ሚዛኑን። «ይህ ሚዛን ነው፤ የማይዋሸው ፋብሪካ ውስጥ እሱ ብቻ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ወይዘሮ ይታረም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጫናት፤ መታጠቢያውን፣ ስንጥቁን፣ ምድጃውን። እየዘለለች፣ እየዘለለች፣ በመጨረሻ ሰማያዊው መስመር በአራት ማዕዘን ዝንቧን ጥርቅም አድርጎ ከበባት።

«ታሰረች!» አለ ከበሩ አንድ ሰው።

ብቅ ባዩ ወጣ። ጋሼም በዚያ ጎረቤት በሚፈውስ ድምፁ፣ ቃል በቃል፣ አነበበው።

«ይህች ዝንብ ናት። አትናቋት፤ የምድጃው ሹም ቆሞ ሲያንቀላፋ በአፉ ገብታ ሦስት ወር ኖራለች፣ ልጆቿን ድራለች፣ ሲያስነጥስም ከነጓዟ ወጥታለች። ምድጃ ፊት አፍን መዝጋት ጥሩ ነው።»

የፈተናው ቁልፍ አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ ያየው ግን የለም። መጀመሪያ የፈነዳው ቶሎ ነው፤ ከዚያ ሁሉም። የሰው ሳቅ መስታወት ያንቀጠቅጣል ብዬ ባወራ ቀደድክ ትሉኛላችሁ፤ ተንቀጥቅጧል። ሥራ አስኪያጁ የቀረችውን አንዲት ሰርተፍኬት ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ብቻ ይታያል።

ጋሼ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ዞረ። እኔን አላየኝም፤ ቀጥታ ወይዘሮ ይታረምን አየ።

«እሜቴ፣ እያንዳንዷን ቃል እርስዎ ነዎት ያረሙት?»

ወይዘሮ ይታረም አሁን ምን ይበሉ? ቅድም በሁሉም ፊት ብለውታል። «እ... አዎን» አሉ።

«እንግዲያው ስህተት አለበት» አለ ጋሼ። «ይታረም።»

«ምኑ?»

«ሦስት ወር አልኖረችም። እኔ የማንኮራፋውን ማንኮራፋት ሦስት ወር የምትችል ዝንብ አልተፈጠረችም። ሚስቴ እንኳ የቻለችው ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነው።»

አሁን የሆነውን ሳቅ አላወራም፤ አታምኑኝም። ጋሼ ጀርባውን ሰጣቸውና አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጭኖ ፈተናውን ጀመረ። ጥያቄዎቹንም እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ እየተቆጣቸው፣ አንዱን ሳይስት ጨረሰ። ሥራ አስኪያጁ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሰርተፍኬቱን ሰጡት። «ሹም፣ ወደ ምድጃህ!» አሉት። ጋሼ በቶሎ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለና ወደ ኮሪደሩ ቧንቧ በጣቱ አመለከተው። «ስታርገበግብ ነው የዋልከው። ታጠብና ግባ።» ቶሎ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ከወይዘሮ ይታረም ጋር በመኪና ወደ ቢሮ ተመለስን። መንገድ ላይ ሥራ አስኪያጁ ደውለው ሠራተኛው ኮርሱን እንደገና እንየው ብሎ መሰለፉን፣ አሁን ማንም እንደማይወለውል፣ ሁሉም አንድ በአንድ እያነበበ መሆኑን ነገሯቸው። ስልኩን ዘጉና ቀይ እስክሪብቶአቸውን አወጡ። «ስለ ሚዛኑ የጻፍከው ይታረማል» አሉኝ። ስለ ዝንቧ ምንም አላሉም።

ማታ ሶፋዬን ተሰናብቼ ጠበቅኩ። ጋሼ ገባ። ሰርተፍኬቱን ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከሶፋው በላይ ሰቀለው። ተቀመጠ። ዳቦ ቀረበ፤ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገውና «ይሄን የጋገረው ሰው ከዱቄት ጋር ተዋውቆ ያውቃል?» አለ። እትዬ ፊቷ እንደ መብራት በራ።

«አንተ!» አለኝ ከዚያ።

«አቤት ጋሼ።»

«ቆሜ እንደማንቀላፋ ወይዘሮዋ ከየት ያውቃሉ?»

«ሰው... ነግሯቸው ይሆናል።»

«ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው?»

እትዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች ማንኪያዋን ጨበጠች። ጋሼ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ መጣ። ያ ጡጫ ጉልበቴ ላይ አረፈ፤ ከባድ ነው፣ ግን ተዘርግቷል።

«ልጆቿን ድራለች ይላል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአፌ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ እኔ እንዴት አልተጠራሁም?»

«ተጠርተሃል እንጂ ጋሼ፤ ተኝተህ ነው።»

«ሙሽራው ማነው?»

«ከመጋዘን የመጣ ነው። ዱቄት ለብሶ የመጣ፣ ነጭ በነጭ።»

«ሽማግሌ ልኳል?»

«ሦስት የሸመገሉ ዝንቦች። በጥርስህ ክፍተት በኩል ገብተው፣ ምላስህ ላይ ተቀመጡ ተባሉ፤ ልጅቷ ሳትሰጠን አንቀመጥም ብለው ቆሙ።»

«ኧረ?» አለ ጋሼ፣ ወንበሩን ይበልጥ እያስጠጋ። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ። የሙሽራይቱ እናት የማር ጠብታ ላይ ተጣብቃ ሠርጉ የዘገየበት ጋ ስደርስ ጋሼ እዚያው ወንበሩ ላይ አንቀላፋ። እንደ ድሮው ግን አፉን አልከፈተም፤ መዳፉን አፉ ላይ ግጥም አድርጎ ከድኖታል። እትዬ በጣቷ ጫፍ ቆማ መጥታ ቆቡን አወለቀችለትና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እጁን ታጥቧል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሁለት ጊዜ» አልኳት። «ከጆሮሽ ጥጡን አውጪና ተቀመጪ፤ ሙሽራው ገና መግባቱ ነው።»